ዙም ኤች1ኤን፦ የቦታን ድምፅ ወደ ዘፈን ለሚያስገባ ሰው

ስልክ እያለ ሌላ መቅረጫ መግዛት ትርፍ ወጪ የሚመስለው አይጠፋም። ስልክ ግን በዋናነት ለንግግር የተሠራ ዕቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ ከተናጋሪው ጀርባ ያለውን ድምፅ እየቀነሰ ይጥለዋል። ዘፈን ደራሲ ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ የሚጣለውን ነው፦ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የፎቅ ደረጃ ማሚቶ፣ የወፍጮ ምት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዙም ኤች1ኤን የተባለ በእጅ የሚያዝ የድምፅ መቅረጫ ለዚህ ሥራ ዛሬም ያገለግላል፤ አጠቃቀሙን ለሚያውቅ።

ሁለቱ ማይክሮፎኖቹ በ90 ዲግሪ ስለተሻገሩ ግራና ቀኙ ጥርት ብሎ ይለያል። በቀረጻ ጥራት መለኪያ እስከ 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ይቀርጻል፤ ለዘፈን 24 ቢት በ48 ኪሎኸርዝ ይበቃል። በዚህ ልክ የአንድ ሰዓት ቀረጻ 1 ጊጋ ገደማ ስለሚይዝ 32 ጊጋ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ወደ 30 ሰዓት ይችላል። ባትሪው ሁለት ትንንሽ ኤኤኤ ነው።

መጀመሪያ ማጥፋት የሚያስፈልገው ራሱ የድምፅ መጠኑን የሚያስተካክለው አውቶ ሌቭል ነው። ጸጥታ ሲመጣ ጀርባውን ከፍ፣ በር ሲዘጋ ዝቅ ያደርጋል፤ ቦታው እየተነፈሰ ይመስላል። በላዩ ያለውን መዘውር በእጅ እያዞሩ ከፍተኛው ድምፅ በመቅረጫው መስኮት ላይ ማይነስ 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ከዚያ ትራይፖድ ላይ አስቀምጦ፣ ሳይናገሩ ቢያንስ 3 ደቂቃ መተው። አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ ጣት ሲነካው እንደ ነጎድጓድ ይሰማል። ጸጉራም የንፋስ መከላከያ ሳይለብስም ደጅ አይውጣ፤ ንፋስ ያበላሸውን ቀረጻ በኋላ ባሱን በመቁረጥ ማዳን አይቻልም።

ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው ቀረጻው ቅኝቱን ራሱ ሲወስን ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር የፍሪጅና የትራንስፎርመር ጉርምርምታ በ50 እና በ100 ኸርዝ ላይ ጎልቶ ይሰማል። ይህ ከጂ ኖታ (49 እና 98 ኸርዝ) 35 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው) ገደማ ከፍ ይላል። ዜማውን በጂ አድርጎ መሣሪያዎቹን ያንኑ ያህል ከፍ አድርጎ መቃኘት፣ ወይም ቀረጻውን 35 ሴንት ዝቅ ማድረግ ነው፤ ክፍሉ ራሱ ባስ ይሆናል። ሳያስተካክሉ ከላዩ ጊታር ቢያስገቡ ግን ዘፋኙ ከቅኝት የወጣ ይመስላል፤ ጥፋቱም በከንቱ እሱ ላይ ይወድቃል። 60 ኸርዝ ባለበት አገር ድምፁ በኤ ሻርፕና በቢ መካከል ስለሚወድቅ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ቀረጻውን ወደዚያ መሳብ የግድ ነው።

ማሚቶውንም መውሰድ ይቻላል። ፊኛ ነፍቶ ዘፋኙ ሊቆም በሚችልበት ቦታ ማፈንዳት፣ መቅረጫውን 3 ወይም 4 ሜትር ራቅ አድርጎ መዘውሩን በጣም ዝቅ ማድረግ፣ ሦስት ጊዜ መድገም። ፍንዳታው በተሰማበት ቅጽበት ፋይሉን መቁረጥ፣ የማሚቶውን ጅራት ደግሞ ወደ ሹክታ (ሽሽ ወደሚል ድምፅ) ከመቀየሩ በፊት እያደበዘዙ መጨረስ፤ ከዚያ የተቀረጸን የቦታ ማሚቶ ለሌላ ድምፅ የሚያለብስ ኮንቮሉሽን ሪቨርብ የተባለ ተጨማሪ ፕሮግራም (ፕለጊን) ውስጥ ማስገባት። ስቱዲዮ የተዘፈነው ድምፅ ፊኛው በፈነዳበት ቦታ የተዘፈነ ያህል ይሰማል። ፍንዳታው ከመጠን በላይ ጮኾ ቀረጻው ከተሰነጠቀ ሪቨርቡ ቆሻሻ ይሆናል፤ ጅራቱ ከረዘመም ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ሹክታ ይከተላል።

ምት ያለው ማሽን ሲቀረጽ ፍጥነቱን ለክቶ ዘፈኑን በዚያው ፍጥነት መጻፍ ይሻላል። ማሽኑን ወደ ዘፈኑ መጎተት ወዙን ይገድለዋል።

ድክመቱ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ነው። የንጋት ወፍ ወይም የሩቅ ደወል ለመያዝ መዘውሩ ከፍ ሲል የመቅረጫው የራሱ ሹክታ አብሮ ይወጣል። ኤክስኤልአር (የስቱዲዮ ማይክሮፎን ገመድ) ማስገቢያ ስለሌለው ጥሩ ማይክሮፎን ያለው ሰው ከፍ ያለ መቅረጫ ቢገዛ ይሻለዋል። በ2024 የወጣው ኤች1 ኢሴንሻል በ32 ቢት ፍሎት (ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ድምፅ አብሮ በሚይዝ አቀራረጽ) ስለሚቀርጽ የመዘውር ጣጣ የለበትም፤ ማይክሮፎኖቹ ግን እንደ ታላቁ ኤች1ኤን ሁሉ ከ120 ዴሲቤል በላይ የሚጮኽ ድምፅ ስለማይችሉ ፊኛውን ከአፍንጫው ሥር ማፈንዳት እሱንም ያሸንፈዋል።