ፒያሳ በአራት ቅዳሜ የሠራኋት ቀለበት

ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ካለ አንድ ትንሽ የብር ሥራ ሱቅ ጓሮ ለአራት ቅዳሜ ዘመናዊ የጌጣጌጥ ዲዛይን ተማርኩ። ጀማሪ ነኝ ስላቸው፣ አስተማሪያችን ጋሼ መጀመሪያ የሰጡኝ እርሳስና ወረቀት ነው። የእናቴን የአንገት መስቀል ይዤ ሄጄ ነበር። «መስቀሉን አትቅጂው፤ አንዷን መስመር ብቻ ውሰጂ» አሉኝ። ያቺ መስመር ቀለበት ሆነች።

ከሁሉ የወደድኩት የእሳቱን ሥራ ነው። 925 የሚባለው ብር ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ። ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል። ዝም ብለሽ ከመታሽው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ እንደገና ይመታል። ጋሼ መብራቱን አጥፍተው ብሩ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን አሳዩኝ። «በቃ፣ እሳቱን አንሺ!» ያ ቀለም እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

መጋዙ ግን ፈተና ነው። ክር የመሰለ ምላጩን ትንሽ ስትጫኚው ቀጭ ይላል፤ በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰበርኩ። ለአምስት ተማሪ አንድ መበየጃ ብቻ መኖሩ ቅር አሰኝቶኛል። የጭስ ማውጫም ያስፈልጋቸዋል፤ መስኮት መክፈት አይበቃም።

ቀለበቷ አሁን ጣቴ ላይ ናት። ለጉትቻው ዙርም ተመዝግቤያለሁ።