ኤሌክትሪክ ምጣዴ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የገዛሁት 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የሸክላ ኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አካሉ ቆርቆሮ፣ ክዳኑ አሉሚኒየም። አዲስ አበባ ውስጥ በየሳምንቱ ስጋግርበት ወራት አልፈዋል። እንጀራው በጣም ያምራል። ከሥር ያለው አሠራር ግን ብዙ ይቀረዋል።

ሸክላ ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ እስኪግል ትዕግሥት ይጠይቃል። ከጋለ በኋላ ግን ያጠራቀመውን ቶሎ አይለቅም። ቀዝቃዛ ሊጥ ሲዞርበት ላዩ በረድ ይላል፣ ወዲያው ከውስጥ ያለው ሙቀት ይደርስለታል። ሁለተኛውም አሥረኛውም እንጀራ ተመሳሳይ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ዓይኑ እንዴት እንደሚወጣ ማየት ደስ ይለኛል። እንጀራ አይገለበጥም፣ ሙቀት የሚያገኘው ከሥሩ ነው። እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የጋለ ምጣድ ግን 200 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ሊጡ ሸክላውን እንደነካ ከሥሩ ያለው ውሃ ይተናል። እንፋሎቱ እርሾው ከፈጠረው ጋዝ ጋር ሽቅብ ይወጣል፣ መውጫው ዓይን ሆኖ ይቀራል። እኔ የምከድነው ዓይኑ ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ የታፈነው እንፋሎት የላዩን ወገን ያበስለዋል። የዚህ ምጣድ ክዳን ግጥም ስለሚል በዚህ በኩል እንከን አላገኘሁበትም።

መብራት ይበላል ለሚሉ፣ አዎ ይበላል። እንዲህ ያሉ ምጣዶች ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባሉ። አንድ ሊትር ውሃ ማትነን ያንኑ ውሃ ከ20 ዲግሪ እስኪፈላ ከማሞቅ ከ7 እጥፍ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ሊጥ ከመጠን በላይ ሲቀጥን ቆጣሪውም አብሮ ይሮጣል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ ጎን ያለው እንጀራ ነጣ ማለት ጀመረ፣ ዓይንም አልነበረውም። ሻጩ «ሊጥሽ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ሊጡማ በሌላው ጎን ዓይናማ ነበር! ጠጋኝ ሲፈታው ምጣዱን የሚያግለው ሽቦ ከሸክላው ሥር ካለው ቦይ ተነስቶ ተገኘ። በመካከላቸው አየር ገብቷል፣ አየር ደግሞ ከሸክላም በባሰ ሙቀት ይከለክላል። ሽቦውን መልሶ አስተኝቶ በጄሶ ደፈነው፣ ዓይኑም ተመለሰ። ይህን ፋብሪካው ራሱ በደንብ ሊሠራው ይገባ ነበር።

ሌላው ጉድለት የታችኛው ቆርቆሮ ነው። ከሽቦው በታች ሙቀት የሚይዝ ነገር አልተደረገበትም። ስለዚህ ጠረጴዛው ይግላል። የምከፍልበት ሙቀት እኮ ነው ወደ ታች የሚሄደው።

አዲስ ስትገዙ በደንብ አሟሹት። በየመሐሉም በጎመን ዘር አስሱት። ሸክላ ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ዘይቱ ሲሞላው ሊጡ አይዝም። በውሃ አትጠቡት።

ድጋሚ ብገዛ መጠኑንም ክዳኑንም አልቀይርም። ግን ሥሩን አስፈትቼ ሽቦው በጄሶ መደፈኑን ሳላይ ገንዘብ አልከፍልም።