የብራና መጽሐፍን አካልና ባለቤት በስክሪን ላይ ማንበብ፦ የሂል ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ንባብ ክፍል ግምገማ

በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት (በምኅጻሩ ኤችኤምኤምኤል) የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በነጻ የሚያስነብብ የኢንተርኔት ንባብ ክፍል አለው። ከግእዝ መጻሕፍት ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። እዚህ የምንመዝነው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የአንድን መጽሐፍ አካል (ብራናውን፣ ጥራዙን፣ ጽሕፈቱን) እና ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበትን ታሪክ ለማጥናት ምን ያህል ይበቃል? ለባለቤትነት ታሪክ ከዚህ የተሻለ አገልግሎት የለም። ለአካሉ ግን ግማሽ መንገድ ነው የሚያደርሰው፤ ቀሪውን ግማሽ ሳያውቁ የሚደመድሙ ሰዎች ይሳሳታሉ።

ምክንያቱ የስብስቡ ምንጭ ነው። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ሥራው አብዮቱንም ጦርነቱንም አልፎ እስከ 1990ዎቹ ቀጠለ፤ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትም ተነሡ። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ አንዱ ኮሌጅቪል ሄደ። ተመራማሪዎች ‹ኢኤምኤምኤል ይህን ያህል› እያሉ የሚጠሩት ቁጥር ከዚያ የመጣ ነው፤ ኢኤምኤምኤል (EMML) የዚህ የማይክሮፊልም ስብስብ የእንግሊዝኛ ስም ምኅጻር ነው። ዛሬ በስክሪን የምናየው በአመዛኙ የዚያ ፊልም ስካን ስለሆነ ጥቁርና ነጭ ነው። በኋላ በዲጂታል ካሜራ የተነሡ ባለቀለም ስብስቦችም ተጨምረዋል፤ የጉንዳ ጉንዶ ገዳም መጻሕፍት ዋነኛው ምሳሌ ናቸው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ግን ጥቂት መሰናክል አለው። ምስሎቹን ለማየት በኢሜይል መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ክፍያ የለውም። መግለጫዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ የመጻሕፍቱም ስም በአብዛኛው በላቲን ፊደል ከነምልክቱ ተጽፏል። ስለዚህ ‹ተአምረ ማርያም› ብሎ በፊደላችን የሚፈልግ ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አይገርምም። ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናትም በተለያየ አጻጻፍ ስለሚገቡ በቦታ ስም መፈለግ ያታልላል። አስተማማኙ ቁልፍ የፕሮጀክት ቁጥሩ ነው። አራቱን የላቲን ፊደላት (EMML)፣ ክፍት ቦታና ቁጥሩን አስገቡ፤ መጽሐፉ በቀጥታ ይመጣል። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው አስቀድሞ የታተመውን ካታሎግ ቢያይ ይሻለዋል። በዊልያም ማኮምበርና በፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የተዘጋጀው ባለ አሥር ቅጽ ካታሎግ የመጀመሪያዎቹን 5,000 መጻሕፍት ይሸፍናል። የጌታቸው ኃይሌ ሥራ ልዩ ክብር ይገባዋል፤ በመጻሕፍቱ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ማስታወሻዎች ሳይቀር እያነበቡ መዝግበዋቸዋል። ከ5,000 በላይ ላሉት ቁጥሮች መግለጫው ወጥ አይደለም፤ አንዳንዱ ሞልቶ የተጻፈ ነው፣ አንዳንዱ በጣም አጭር።

አሁን ወደ አካሉ። የካታሎጉ የመጀመሪያ መስመር ብራና መሆኑን፣ መጠኑን በሴንቲሜትር፣ የቅጠሉን ብዛት፣ ዓምዱን፣ የመስመሩን ቁጥርና ዘመኑን ይሰጣል። ይህን መስመር ሳይጽፉ ወደ ምስሉ አይግቡ፤ መጽሐፉን በእጅዎ ካልያዙ ልክ የሚያገኙት ከዚህ ብቻ ነው። ስክሪን ላይ የኪስ ዳዊትና በሁለት እጅ የሚነሣ ግንዘት አንድ ያክላሉ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የፊልም ፍሬም ሁለት ገጽ ይዟል፦ በግራ ያለፈው ቅጠል ጀርባ፣ በቀኝ የሚቀጥለው ቅጠል ፊት። ስለዚህ የምስሉ ቁጥርና የቅጠሉ ቁጥር ይቀራረባሉ፤ መጀመሪያ ላይ ያሉትን የመለያ ሰሌዳና የባዶ ቅጠል ፍሬሞች ብቻ መቀነስ ነው። ‹ቅጠል 50፣ ፊት› የሚል ማጣቀሻ ያለው ሰው ምስል 50 አካባቢ ይጀምርና ወደፊት ጥቂት ይራመድ። ፎቶ አንሺው ቅጠል ዘልሎ ወይም ደግሞ ያነሣበት ቦታ ካለ ስሌቱ ይዛባል፤ በየ20 ቅጠሉ ከጽሑፉ ጋር ማመሳከር ይህን ይከላከላል።

ጥራዝ መቁጠር በጥቁርና ነጭ ፊልምም ይቻላል፤ ይህ የአገልግሎቱ ያልታወቀ ጥቅም ነው። የኢትዮጵያ መጽሐፍ ጥራዝ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ድርብ ቅጠል ነው፣ ማለትም 8 ወይም 10 ቅጠል። የጥራዙ መካከል ሲገለጥ የስፌቱ ክር በማጠፊያው ላይ ይታያል። ክር ከታየበት ፍሬም እስከ ሚቀጥለው ክር ድረስ ይቁጠሩ። 8፣ 8፣ 8 እየሄደ ድንገት 7 ቢመጣ ቅጠል ጎድሏል ወይም በድርብ ቅጠል ፈንታ ነጠላ ቅጠል ገብቷል ማለት ነው፤ ጽሑፉ እዚያ ቦታ ላይ ተቋርጦ እንደሆነ ቢያዩ የትኛው እንደሆነ ይለያል። በብዙ መጻሕፍት የጥራዙ ቁጥር በመጀመሪያ ቅጠሉ የላይኛ ኅዳግ ላይ በግእዝ አኃዝ ይጻፋል። ክሩም አኃዙም ከተስማሙ ውጤቱ ይታመናል። ካልተስማሙ መጽሐፉ ተፈትቶ እንደገና የተጠረዘ ሊሆን ይችላል።

ፊልሙ የማያሳየው ግን ብዙ ነው። መስመሩን ለመምራት በወስፌ የተወጋው ቀዳዳ አልፎ አልፎ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ በደረቁ (ያለ ቀለም) የተሰመረው መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ቀይ ቀለም ወደ ግራጫ ይፈዝዛል። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ የእመቤታችን ስም፣ የምዕራፉ መክፈቻ፣ የመጽሐፉ አሠሪ ስም በቀይ የሚጻፉት ናቸውና በፊልሙ ላይ በጣም የሚደክመው ክፍል ለባለቤትነት ጥናት በጣም የሚፈለገው ነው። ገበታው (የእንጨት ሽፋኑ)፣ ድጉሱ (ጌጥ የታተመበት የሽፋን ቆዳ) እና ማኅደሩ (የቆዳ መያዣው) ብዙ ጊዜ አልተነሡም። የገበታው እንጨት ወይራ ነው ወይስ ዋንዛ፣ ድጉሱ የጥንት ነው ወይስ የቅርብ፣ ብራናው በየትኛው ፊቱ ፀጉር እንደነበረው ከዚህ ፊልም የሚናገር ሰው ይገምታል እንጂ አያውቅም። ሐረግ (የገጽ ጌጥ) እና ሥዕል ባለባቸው መጻሕፍትም የቀለሙ ዓይነት ዘመን ለመለየት ስለሚረዳ ጥቁርና ነጭ ምስል ብቻውን አይበቃም። ለሥዕል ጥናት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ‹መዝገበ ሥዕላት› ይሻላል።

ጽሕፈቱ ግን በደንብ ይታያል። ጥንታዊው የማዕዘን ቅርጽ ያለው ፊደል፣ የጎንደሩ ዘመን ጉልሕ፣ ከርሱ ጎን ረቂቅ፤ እነዚህን ለማነጻጸር አንድ ሰው በአንድ ማታ ከአሥር ገዳማት ናሙና ማየት የሚችልበት ሌላ ቦታ የለም። በተለይ የአኃዙን ቅርጽ ይዩ፤ በጥንቶቹ መጻሕፍት ከላይና ከታች ያለው ሰረዝ ገና አልተሟላም።

ስብስቡ በእውነት የሚያበራው በባለቤትነት ታሪክ ነው። ፊልም አንሺዎቹ የፊትና የኋላ ባዶ ቅጠሎችን ስላልተዉ፣ ሰው ‹ምንም የለበትም› የሚለው ቅጠል ላይ የተጻፈው ሁሉ አለ። የሚፈለገው በአራት ቦታ ነው፦ ፊት ያሉት ባዶ ቅጠሎች፣ ኋላ ያሉት፣ የየድርሰቱ መጨረሻ፣ እና የላይኛው ኅዳግ። ‹ዝንቱ መጽሐፍ ዘ…› ብሎ የሚጀምር ባለቤትን ያሳያል፤ ‹ዘሰረቆ ወዘተዐገሎ ወዘፈሐቆ› (የሰረቀው፣ የቀማውና የፋቀው) የሚለው ግዝት ተከትሎት ይመጣል። በጸሎት መጻሕፍት ደግሞ ‹ለገብርከ› ወይም ‹ለአመትከ› ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ስም ይዩ። ስሙ ከዙሪያው ጽሑፍ ይልቅ የደመቀ፣ የጠበበ ወይም ከቆሸሸ ብራና ላይ የተጻፈ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ተፍቆ ሌላ ገብቷል። መጽሐፉ ከሦስት ሰው በላይ ሲያልፍ እያንዳንዱ ስም በተለያየ ገጽ ሳይፋቅ የቀረበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ አይተው አይተዉት። የተፋቀው እንዲነበብ የኮምፒውተሩን ቀለም መገልበጫ መጠቀም ይረዳል፤ ካልሆነም ዋናውን መጽሐፍ ከማየት በቀር መፍትሔ የለም።

ዘመን ሲገኝ ስሌቱን በጥንቃቄ ይሥሩ። ዓመተ ዓለም ከሆነ 5,500 ቀንሰው ዓመተ ምሕረት ያገኛሉ። ዓመተ ሰማዕታት ከሆነ 276 ይጨምሩ። ‹ዓመተ ምሕረት› ተብሎ ትንሽ ቁጥር ከተጻፈ 532 ዓመት ሲሞላ ቁጥሩ እንደገና ከአንድ የሚጀምርበት ዑደት ሊሆን ስለሚችል የንጉሡን፣ የጳጳሱን ወይም የዕጨጌውን ስም ሳያዩ አይቁረጡ። ከሁሉም በላይ ማስታወሻው የተጻፈበት እጅ ከመጽሐፉ እጅ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። የሽያጭ ወይም የስጦታ ማስታወሻ ዘመን የባለቤቱ እንጂ የመጽሐፉ ዘመን አይደለም። ሻጮች መጽሐፉን ለማስረጀት፣ ገዢዎችም ለማመን የሚያዘነብሉት እዚህ ነው።

ለመለማመድ ኢኤምኤምኤል 1832ን እንመክራለን፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ አራቱ ወንጌል ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ያሠሩትና ለገዳሙ የሰጡት ይህ መጽሐፍ 1273 ዓ.ም. ይዟል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1280/81 ማለት ነው። ስጦታው ራሱ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በወንጌሉ ላይ የገዳሙ ጉዳይ ሲጨመርበት ኖሯል። ወንጌል የማይደፈር መዝገብ ስለነበረ የርስትና የንብረት ነገር እዚያ ይጻፍ ነበር፤ የሐይቅ አበምኔቶች ታሪክ በአብዛኛው የተገነባው በዚህ ዓይነት ማስታወሻ ነው። አንድን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ያንብቡ፤ አንድ ጊዜ ጽሑፉን፣ አንድ ጊዜ ኅዳጉን፣ አንድ ጊዜ የእጁን ልዩነት።

ፊልሙ ሌላ ውለታ አለው፤ መጽሐፉ በተነሣበት ዘመን የት እንደነበረ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገድለ ጳውሎስንና ገድለ ሰራብዮንን የያዘ የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መለሰ። መጽሐፉ በ1970ዎቹ ገዳሙ ውስጥ ሳለ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ስለነበር ከየት እንደወጣ ማወቅ ተቻለ። በውጭ አገር ጨረታ ወይም በሱቅ መስኮት የቆመ ብራና የሚያይ ሰው ሁሉ፣ ሊገዛ ቢያስብም ባያስብም፣ አስቀድሞ እዚህ ቢፈልግ ገዳማት ያጡት መጽሐፍ ቢያንስ ስም ያገኛል። ፍለጋው የሚሠራው በድርሰቱ ስም ብቻ አይደለም፤ የብራናውን ቀዳዳ፣ የስፌት ጥገናውን፣ የቀለም ጠብታውን ያነጻጽሩ። አንድ ዓይነት ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ቅጠሎች የሉም።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር፦ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የአንቷን ዳባዲን ስብስብ ከቤተ መጻሕፍቱ የኢንተርኔት ገጽ ከጋሊካ በቀላሉ ማውረድ ይቻላል፤ ይህ ከኤችኤምኤምኤል ይሻላል። የብሪቲሽ ላይብረሪ የመቅደላ መጻሕፍት ምስሎች ጥሩ ነበሩ፣ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በደረሰበት የሳይበር ጥቃት አገልግሎቱ ተቋርጦ ቀስ በቀስ ነው እየተመለሰ ያለው። የመቅደላ መጻሕፍት ባለቤትነት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1868 የተዘረፉ መሆናቸው ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጠይቀው በ1872 ክብረ ነገሥት ከተመለሰላቸው ወዲህ ከቀሪዎቹ ብዙዎቹ ለንደን ናቸው። ‹ቤተ መጻሕፍት› የተባለው የሃምቡርግ የኢንተርኔት መዝገብ በጽሑፍ ዝርዝር ይበልጣል፤ ጥራዙን፣ ስፌቱን፣ ማስታወሻዎቹን በየክፍላቸው ያስቀምጣል፤ ምስል ግን ሁሉም ላይ የለውም። ስለዚህ የኤችኤምኤምኤልንና የሃምቡርጉን መስኮት ጎን ለጎን መክፈት ጥሩ ነው።

የኤችኤምኤምኤል ደካማ ጎን ፍጥነትና ቋንቋ ነው። ምስሎቹ ከባድ ስለሆኑ ደካማ ኔትወርክ ላይ ገጽ መግለጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለሊቃውንቱ ለራሳቸው፣ ለመጻሕፍቱ ባለቤቶች፣ በአማርኛ የተዘጋጀ መግቢያ አለመኖሩ ያሳዝናል፤ ‹መጽሐፋችሁ እዚህ አለ› የሚለውን ለአንድ ገበዝ ለማሳየት እንኳ የላቲን ፊደል የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ቅጂ ለማዘዝ ወይም ለማሳተም የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር ይያዝ፦ የፕሮጀክት ቁጥሩን፣ የቅጠሉን ቁጥር ከፊትና ጀርባው ጋር፣ እና የምስሉን ቁጥር። የመጽሐፉ መብት የባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም ስለሆነ ለኅትመት የነሱን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ሥራውን ያፋጥነዋል።