«ውጤትሽን እናስተካክለዋለን» ካሏችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ

በኢኮኖሚክስ ለፒኤችዲ ልታመለክቱ ያሰባችሁ፣ በተለይ ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ሲ እና ዲ ያለባችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ለማንም ብር እንዳታስገቡ። እኔ 60 ሺህ ብር ከፍዬበታለሁ።

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ እናቴ ታመመች። ከሆስፒታል ሆስፒታል ስመላለስ ካልኩለስ ሲ፣ ሊኒየር አልጀብራ ዲ አገኘሁ። በመጨረሻው ዓመት ኢኮኖሜትሪክስም ማቴማቲካል ኢኮኖሚክስም ኤ ነበሩ። ጂፒኤዬ ግን 2.9 ላይ ቀረ። በዚህ ውጤት ማን ይቀበለኛል ብዬ ስጨነቅ ነው «የአሜሪካ ትምህርት ፕሮሰስ እናደርጋለን» ወደሚል ቢሮ የሄድኩት። ሰውየው ትራንስክሪፕቴን አየት አደረገና «ይሄ ችግር የለውም፣ እናስተካክለዋለን» አለኝ። እንዴት እንደሚያስተካክሉት አልጠየቅኩም። ተስፋ የቆረጠ ሰው እንዲህ ሲባል ደስ ይለዋል እንጂ አይጠይቅም።

የማመልከቻውን ኢሜይል የከፈቱት እነሱ ናቸው። ፓስዎርዱም እነሱ ጋ ነበር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተቀብዬ ስገባ ካመለከቱልኝ ሦስት ቦታዎች ሁለቱ ፒኤችዲ እንኳን አይደሉም። በራስ ወጪ የሚማሩት ማስተርስ ነው። ከሁሉ የባሰው የድጋፍ ደብዳቤው ነው። የመምህሬ ስም አለ፣ ኢሜይሉ ግን የእሳቸው አይደለም። ቢሮው ራሱ ከፍቶ፣ በስማቸው ጽፎ ልኳል። ሄጄ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ለምን መጀመሪያ እኔን አልጠየቅሽኝም?» አሉኝ። ያቺን ቀን አልረሳትም።

ይህ ቀልድ አይደለም። ሐሰተኛ ደብዳቤ ከተገኘ ማመልከቻው ይሰረዛል። ከገባችሁ በኋላም ቢታወቅ ልትባረሩ ትችላላችሁ። ያኔ ተጠያቂው ፊርማው ያለበት አመልካች እንጂ ቢሮው አይደለም። እኔ ማመልከቻዎቹን ራሴ ሰረዝኳቸው።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ወደዚያ ቢሮ አልሄድም ነበር። የአሜሪካ የኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ የኑሮ ድጎማም ይሰጣል። ስለዚህ «ለፒኤችዲ ቦታ ማስያዣ ክፈሉ» የሚላችሁ ካለ ተጠራጠሩ። «በሦስት ቀን ካልወሰናችሁ ያልፋችኋል» ብለው ያስቸኩሏችሁ ይሆናል። ድጎማ ያለው ቅበላ ሲሰጡ እስከ ኤፕሪል 15 የመወሰኛ ጊዜ ለመስጠት የተስማሙ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የማመልከቻ ክፍያው ራሱ በብዙ ቦታ ከ75 እስከ 125 ዶላር ነው። ዓለም አቀፍ ካርድ ስለሌለን ወደ ኤጀንሲ የምንሮጥ ብዙ ነን፤ ይገባኛል። ግን ከክፍያ ነፃ የሚያደርጉ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፣ በኢሜይል ጠይቋቸው።

ስለ ውጤቱስ? መራጮቹ ጂፒኤውን ብቻ አይተው አያልፉም፤ ሒሳቡን ነጥለው ያዩታል። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ስታቲስቲክስ፣ ከተቻለ ሪል አናሊሲስ (ካልኩለስን በማረጋገጫ የሚያጠና ከፍ ያለ ሒሳብ)። እዚያ ላይ ዲ ካለ መድኃኒቱ ኮርሱን እንደገና ወስዶ ጥሩ ማምጣት ነው። ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚጠይቁ ቦታዎች ላይ ከ170 የሚታረመው የሒሳብ ክፍል ብዙ ይረዳል። የቤት ችግራችሁን በዓላማ መግለጫችሁ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉት፣ አታልቅሱበት። የሚያውቃችሁ መምህር በደብዳቤው ቢጠቅሰው ደግሞ የበለጠ ይታመናል።

ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን የሚሰጠው ማይክሮማስተርስ የሚባል የኮርሶች ፕሮግራምም አለ፣ በዳታ፣ በኢኮኖሚክስና በፖሊሲ ላይ። በ2019 ኖቤል ያገኙት ኤስተር ዱፍሎና አቢጂት ባነርጂ ያስተምሩበታል። ትምህርቱን በነፃ መከታተል ይቻላል፣ የፈተናው ክፍያ እንደ ገቢ ይለያያል። እኔ አሁን እሱን እየተማርኩ ነው። ምክር ለሚፈልግ ደግሞ አሜሪካ ኤምባሲ ውስጥ ኢጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባል የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ማማከሪያ አለ፤ ለማማከር አያስከፍልም።

ብሬ አልተመለሰም። ውሉ ላይ «የአገልግሎት ክፍያ ተመላሽ አይሆንም» የሚል አለ፣ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። እናንተ ቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ፓስዎርዱን ተቀበሉ። ግቡና በመምህሮቻችሁ ስም ሥር የተጻፈው ኢሜይል የማን እንደሆነ እዩ።