ተባይ የነከሰው ሻይ፦ የታይዋኑ «ዶንግፋንግ ሜይረን» ሲቀመስ

ቡና ከመቆላቱ በፊት በሰፌድ ላይ ሲለቀም፣ ተባይ የበሳው ፍሬ ከጠጠሩና ከገለባው ጋር አብሮ ይጣላል። በሩዋንዳና በቡሩንዲም አንቴስቲያ ከሚባለው ትኋን መሰል ተባይ ጋር የሚያያዘው የጥሬ ድንች ጠረን የቡና ነጋዴዎችን ለዓመታት ሲያስመርር ኖሯል። በታይዋን ሰሜን ምዕራብ፣ በሺንቹ አውራጃ በሚገኙት በቤይፑና በኤሜይ ግን ተባይ የነከሰው የሻይ ቅጠል ካልተነከሰው እጅግ በላቀ ዋጋ ይሸጣል። ስሙ «ዶንግፋንግ ሜይረን» ሲሆን ትርጉሙ «የምሥራቋ ቆንጆ» እንደ ማለት ነው። በአገሩ «ፔንግፌንግ» ማለትም «የጉረኛ ሻይ» ተብሎም ይጠራል፤ እንደሚተረከው፣ ማሳውን ተባይ የወረረበት አንድ ገበሬ ምርቱን በውድ ዋጋ ሸጦ ሲመለስና ይህንኑ ሲናገር ጎረቤቶቹ ጉራ መስሏቸው ነበር።

ለቅምሻ የገዛሁት የ50 ግራም እሽግ ነው። ቅጠሉ ከመነከሩ በፊትም ለዓይን ያምራል፤ ነጭ ጸጉር የለበሱት እንቡጦች ከአረንጓዴው፣ ከቢጫው፣ ከቀዩና ከቡናማው ቅጠል ጋር ተቀላቅለው ይታያሉ። 3 ግራም ያህሉን በ150 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ በ90 ዲግሪ ሙቀት ለሁለት ደቂቃ ስዘፈዝፈው መልኩ ወደ ብርዝ የሚጠጋ፣ ሽታው የማርና የበሰለ ኮክ፣ ምሬቱም ከቁጥር የማይገባ ሆኖ አገኘሁት። በዚያው ቅጠል ላይ ውኃ ጨምሬ ለሁለተኛ ጊዜ የቀዳሁት ከመጀመሪያው የተሻለ ሲሆን በሦስተኛው የማሩ ሽታ ይጠፋና የእንጨት ጣዕም ብቻ ይቀራል። በሚንተከተክ ውኃ የቀዳሁት ሲኒ መራራ ሆነ። እንደ ልማዳችን ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምሬ የሞከርሁት ደግሞ ከማንኛውም ርካሽ ሻይ የሚለይበት ነገር አልነበረውም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሻዩ አይደለም።

በእሽጉ ውስጥ ማርም ሆነ የሽቶ ጭማሪ የለም። ሽታውን ያመጣው ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ አረንጓዴ ነፍሳት፣ ከቅጠል ቅጠል እየዘለለ ለጋውን ቡቃያ በሹል አፉ እየወጋ ጭማቂውን ስለሚመጥ ነው። የተወጋው ቅጠል ጠርዙ ይቢጫል፣ ይኮማተራል፣ ዕድገቱም ይቀጭጫል፤ ተክሉ ግን ዝም ብሎ አይጠቃም፤ የመከላከያ ሆርሞኖቹን አንቀሳቅሶ ቀድሞ በጥቂቱ ይሠራቸው የነበሩትን ተርፒን የተባሉ መዓዛማ ውሁዶች በብዛት ማምረት ይጀምራል። ከእነዚህ አንዱ፣ በአበቦች ውስጥ የሚገኘው የሊናሎል መዓዛ ዘመድ የሆነ ውሁድ፣ ቅጠሉ በእሳት ሲደርቅ ሆትሪኖል ወደሚባለው መዓዛ ይለወጣል፤ በሲኒው ላይ ለሚሸተው ማርና ፍራፍሬ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም እርሱ ነው። እንግዲህ መዓዛው የሚሠራው በማሳው ብቻ ሳይሆን በማጠውለጉ፣ ከ60 እስከ 80 በመቶ በሚደርሰው ማብላላትና በማድረቁም ጭምር ነው ማለት ነው።

ይህ ነፍሳት ነክሶ የሚሄድ እንጂ፣ እንደ አንዳንድ ነፍሳት፣ ተክሉን አሳብጦ በሚፈጠረው እባጭ ውስጥ የሚኖር አይደለም። እባጭ ሠሪዎቹ የተክሉን ኬሚስትሪ ለራሳቸው መኖሪያ ያውሉታል። በእስራኤል በሚበቅል አንድ የዱር የፒስታስዮ ዛፍ ላይ አፊድ የተባሉ ጥቃቅን ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት የሚሠሩት እባጭ በተርፒን ይዘቱ ከዛፉ ቅጠል በእጅጉ የላቀ ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየውም ፍየሎች ከሽታው የተነሣ እባጩን ይሸሹታል፤ በውስጡ ያሉት አፊዶችም ከመበላት ይድናሉ። ፍየልን የሚያባርርና የሻይ ጠጪን የሚጠራ ሽታ ከአንድ የውሁዶች ቤተሰብ መውጣቱ ለእኔ ከጣዕሙ ባልተናነሰ አስደንቆኛል።

ዋጋው ከተለመደው ሻይ ቅጠል በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ምክንያቱ ግን ይገባኛል። ነፍሳቱ እንዳይሞት ማሳው ፀረ ተባይ አይረጭም፣ ምርቱ ይቀንሳል፣ ለቀማው በዋነኛነት በታይዋን የሙቀት ወራትና በእጅ ነው። ቅር ያሰኘኝ ሻጩ በእሽጉ ላይ የተለቀመበትን ዓመት አለመጻፉና ነጭ እንቡጡ ለማስታወቂያ ከተለጠፈው ፎቶግራፍ ማነሱ ነው። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ስለ ለቀማው ጊዜና ስለ መንደሩ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከዚያም ከቀዳ በኋላ የራሰውን ቅጠል በሳህን ላይ ዘርግቶ ይመልከት፤ የተነከሰው ትንሽ፣ ጠማማና ጠርዙ ቡናማ የሆነ ነው። እኔ ከበራዱ አውጥቼ ከዘረጋኋቸው 20 ቅጠሎች 14ቱ እንዲህ ያሉ ነበሩ። ስድስቱ ግን ሰፋ ያሉ፣ ጠርዛቸውም ያልተነካ ነበሩ፤ ለእነርሱም የከፈልሁት እንደ ተነከሱት ሁሉ ነው።