ባኩላ፣ ፕሮክስሞክስ ወይስ ቪም? ባክአፕ ስትገዙ ስለ ማጽዳቱም ጠይቁ

ሻጭ ሲመጣ የሚያሳያችሁ ባክአፕ ሲወሰድ ነው። ሲጸዳ አያሳይም። ገላን ወይም ዱከም ያለ ፋብሪካ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ የአይቲ ልጅ ነው፤ እሱም ሰርቨሩን የሚያየው ከፕሪንተርና ከካሜራ ሲተርፍ ነው። ዲስኩ የሞላ ዕለት ግን ስልኩ የሚጮኸው የእሱ ነው። ስለዚህ ሦስቱን የባክአፕ ሶፍትዌሮች፣ ባኩላን፣ ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨርንና ቪምን፣ የማወዳድረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሮጌውን ማስወገድ ምን ያህል ያደክማል?

ከባኩላ ልጀምር፤ ጣጣው የበዛው እዚህ ነው። ነጻ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ አንጋፋ ነው፣ ዳታ በማግኔት ክር ላይ በሚያስቀምጠው ቴፕም ይሠራል። ከእሱ የተገነጠለው ባሪዮስም በዚህ ጉዳይ ብዙ አይለይም። ባክአፕ ያደረገውን እያንዳንዱን ፋይል ካታሎግ በሚባል ዳታቤዝ ይመዘግባል። አንድ ሚሊዮን ፋይል ያለው ሰርቨር በየሳምንቱ ሙሉ ባክአፕ ቢወሰድለት፣ በሁለት ወር ካታሎጉ ውስጥ ከስምንት ሚሊዮን መስመር በላይ ነው። ያውም የአንድ ሰርቨር ብቻ! ጥቅሙ አይካድም። ሒሳብ ክፍል «ባለፈው ወር የነበረውን ኤክሴል አምጣልኝ» ሲል ያቺኑ አንድ ፋይል ለይቶ ያወጣል።

ካልነካካችሁት ባኩላ የፋይል ዝርዝሩን 60 ቀን፣ የጆብ (የእያንዳንዱን የባክአፕ ሥራ) መዝገብ 180 ቀን ያቆያል። 60 ቀኑ ሲያልፍ ዳታው ቴፑ ላይ እያለ ዝርዝሩ ከካታሎጉ ሊጸዳ ይችላል። ያኔ አንድ ፋይል መርጦ ማውጣት ቀርቶ ሙሉውን ጆብ መመለስ ሊጠበቅባችሁ ነው። ፕሩን የሚባለው ትእዛዝ እነዚህን ቀኖች ያከብራል። ፐርጅ ግን አያከብርም፤ ያገኘውን ይጠርጋል። ሁለቱን እያምታታ የሚያስረዳ ሻጭ ካጋጠማችሁ በጊዜ ሸኙት።

ደግሞ መስመሮቹን ሰርዛችሁ ዲስኩን ስታዩ ያው ሙሉ ነው። ካታሎጉን የሚይዘው የዳታቤዝ ሶፍትዌር፣ ፖስትግሬስ፣ ነጻ የወጣውን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ለራሱ አዲስ መስመር ይይዘዋል እንጂ ለሲስተሙ አይመልስም። ለማስመለስ ቫኪዩም ፉል የሚባለው የፖስትግሬስ ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ሠንጠረዡን እንደ አዲስ ይገለብጣል። ለቅጂው ትርፍ ቦታ ይፈልጋል፣ እስኪጨርስም ሠንጠረዡን ቆልፎ ይይዛል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ የቀድሞው ሠንጠረዥ አይጎዳም፤ ሥራው ግን ከዜሮ ይጀመራል። የተጀመረው ቅጂም ዲስኩ ላይ ቦታ ይዞ ሊቀር ይችላል። የሰበታና የዱከም መብራት እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ጀነሬተሩ እስኪነሳ የሚያቆይ ዩፒኤስ ሳይኖር አትጀምሩት። ባለቤት ያጡ መዝገቦችን የሚለቅም ዲቢቼክ የሚባል መሣሪያም አለ፤ በትልቅ ካታሎግ ላይ ግን ቀርፋፋ ነው።

ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ከዚህ ሁሉ ይገላግላችኋል፤ እንዲህ ያለ ማዕከላዊ ካታሎግ ጭራሽ የለውም። ዳታውን ቆራርጦ ያስቀምጣል፣ ተመሳሳይ ቁራጭ ሲመጣ ድጋሚ አይጽፈውም። ማጽዳቱ ሁለት ደረጃ ነው። እዚህ ፕሩን አሮጌ ስናፕሾት (የአንድ ቀን ባክአፕ) ከዝርዝሩ ያስወግዳል፤ ቦታ የሚለቀው ግን ቀጥሎ የሚሠራው፣ የማይፈለጉ ቁራጮችን የሚጠርገው ጋርቤጅ ኮሌክሽን ነው። እሱም ባለፉት 24 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ውስጥ የተነካን ቁራጭ አያጠፋም። ስለዚህ ዛሬ ሰርዤ አሁኑኑ ቦታ አገኛለሁ ማለት አይሠራም። ዲስኩ ጢም ካለ ማጽጃው ራሱ ሊያስቸግር ይችላል። ሥራው እያንዳንዱን ቁራጭ መንካት ስለሆነ በተለመደው የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ይንቀራፈፋል፤ ከተቻለ ኤስኤስዲ ግዙ።

ቪም በማጽዳት በኩል ቀላሉ ነው። ዳታቤዙ በዋናነት የሚይዘው ቅንብርና የሥራ ታሪክ ስለሆነ እንደ ባኩላ አያብጥም። ታሪኩን ካልቀየራችሁት 53 ሳምንት ያቆያል፤ አሳጥሩት። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ስሪት 12 ወዲህ በፖስትግሬስ ይሠራል። አሮጌ ስሪት በኤስኪውኤል ኤክስፕረስ፣ በማይክሮሶፍት ነጻ ዳታቤዝ፣ የምታሠሩ ግን የዳታቤዙን የ10 ጊጋባይት ጣሪያ አትርሱ። ችግሩ ዋጋው ነው። ሒሳቡ በዶላር ነው፣ ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ እድሳቱ አይቀመስም። እስከ 10 ማሽን በነጻ የሚሠራ ስሪት አለው፤ ለአነስተኛ ፋብሪካ እውነቱን ለመናገር በቂ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ቨርቹዋል ማሽኖቻችሁ (በአንድ ሰርቨር ውስጥ የሚሠሩት ምናባዊ ኮምፒውተሮች) የሚሠሩት በፕሮክስሞክስ መድረክ ላይ ከሆነ ከባክአፕ ሰርቨሩ ሌላ አትፈልጉ። መድረኩ ቪኤምዌር ወይም ሃይፐር ቪ ከሆነ በነጻው ቪም ጀምሩ። ባኩላን የምመክረው ቴፕ ላለውና ፖስትግሬስ የሚያውቅ ቋሚ ሠራተኛ ለቀጠረ ብቻ ነው፤ «ነጻ ነው» ብሎ ብቻ የገባበት በኋላ ለባለሙያ ይከፍላል።

ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩ ሙከራ ዲስክ ሞልቶ እናንተው ፊት ያጽዳ። የድጋፍ ውሉንም እዩት፤ ማጽዳት በዓመታዊው ክፍያ ውስጥ ነው ወይስ ባለሙያው ከቦሌ ዱከም በተመላለሰ ቁጥር ይከፈላል?