የጦር ዘማቾችን ታሪክ ለመቅረጽ ምን እንግዛ? ካሜራ፣ ማይክና ሌላውም ዕቃ በንጽጽር

ስለ ጦር ዘማቾች ዶክመንተሪ ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሜራ ነው። የትኛው ብራንድ ይሻላል? 4ኬ አለው ወይ? እኔ ግን መጀመሪያ ስለምትቀርጹት ሰው አስቡ እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። ጆሯቸው በተኩስና በፍንዳታ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ዋናውን ነገር የሚያወሩት ደግሞ ጨዋታው ከሞቀ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ሰዓት ካለፈ በኋላ። ያንን ታሪክ ድገሙልኝ ብትሏቸው እሺ ሊሉ ይችላሉ፤ ግን እንደ መጀመሪያው አይመጣም።

ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ በሁለት ጥያቄ መዝኑት። ሳያቋርጥ ይቀርጻል? ድምፁን አጥርቶ ይይዛል? የምስል ጥራት ከነዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

ስልክ፣ ሚረርለስ ወይስ ካምኮርደር?

ደህና ስልክ ካላችሁ ካሜራ ሳትገዙ መጀመር ትችላላችሁ። የስልክ ትልቁ ጥቅም ሰው አለማስደንገጡ ነው። ትልቅ ካሜራ ፊታቸው ሲደቀን ንግግራቸው እንደ መግለጫ የሚደርቅባቸው አዛውንቶች አሉ። ስልክ ከሆነ ግን ቶሎ ይረሱታል። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው መተግበሪያ ለአይፎንም ለአንድሮይድም በነጻ ይገኛል። ፎከሱን፣ ብርሃኑንና ቀለሙን ቆልፋችሁ እንድትይዙ ያደርጋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስልኩን ለራሱ ከተዋችሁት ሰውየው እጃቸውን ባወዛወዙ ቁጥር ምስሉ ይደምቃል፣ ይጨልማል።

የስልክ ችግሩ መጋሉና ቦታ መጨረሱ ነው። አይፎን 4ኬን በሴኮንድ 30 ፍሬም ሲቀርጽ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። በሰዓት 10 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ለሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ 30 ጊጋ ባዶ ቦታ ይዞ መቅረብ ይሻላል። አይፎን 15 ፕሮና ከዚያ በኋላ የወጡት ፕሮ ሞዴሎች ፕሮሬስ በሚባል፣ ብዙም በማይጨመቅ የቪዲዮ ፎርማት፣ በዩኤስቢ-ሲ ገመድ በቀጥታ ወደ ኤስኤስዲ (ፈጣን ውጫዊ ዲስክ) ይቀርጻሉ። ነገር ግን ፕሮሬስ ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው፤ ለረጅም ወሬ አልመክረውም። በስልክ ስትቀርጹ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረጉን አትርሱ።

ሚረርለስ ካሜራ፣ ማለትም ሌንሱ የሚቀያየር ዘመናዊ ፎቶ ካሜራ፣ ሌላ ነገር ነው። ሴንሰሩ ትልቅ ስለሆነ ደብዘዝ ባለ ሳሎን ውስጥም ምስሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ አይሞላም። ብዙ ብርሃን የሚያስገባ፣ ኤፍ/1.8 የሆነ አንድ ሌንስ ከተጨመረበት ከኋላ ያለውን ግድግዳ አደብዝዞ ፊቱን ብቻ ነጥሎ ያወጣዋል። ዘማቹ ዝም ብለው ወለሉን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚያልፈውን ነገር እንዲህ ያለ ካሜራ ነው የሚይዘው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ገዢ ይሳሳታል። የቆዩ ፎቶ ካሜራዎች ብዙዎቹ ቪዲዮውን 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ ቀጥ ያደርጉታል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአንድ ጊዜ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ነበር። አምራቾቹም አንድ ሴኮንድ አጉድለው ሸጡት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው የዘማቾች ታሪክ ፕሮጀክት ደግሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ የሚሆን፣ ያልተቆራረጠ ቃለ መጠይቅ ነው የሚቀበለው። ማለትም ለአንድ የዘማች ቃል ዝቅተኛው ከሚባለው ርዝመት ላይ ሳይደርስ ካሜራው ይቆማል። አዳዲሶቹ በአብዛኛው ገደቡን ትተውታል። ቢሆንም ያገለገለ ካሜራ የምትገዙ ከሆነ ከሁሉ በፊት ይህን አጣሩ።

ብዙ ጀማሪ ከሚያማርጣቸው ሦስቱን ላነጻጽር። ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 የደቂቃ ገደብ የለውም፤ የማይክም የጆሮ ማዳመጫም መሰኪያ አለው። ፎከሱ ፊትን ይዞ አይለቅም። ነገር ግን 4ኬ ላይ ሲቆይ ይግላል፤ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ በሙቀት የሚጠፋበትን ደረጃ ‹‹ሃይ›› ላይ ማድረግ አለባችሁ። ካኖን አር50 ቀለሙ ለፊት በጣም ያምራል፣ አያያዙም ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ እስከ አንድ ሰዓት ይቀርጻል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ግን የለውም፤ ድምፁ ሲበላሽ የምታውቁት ቤት ገብታችሁ ነው። ለዚህ ሥራ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፓናሶኒክ ጂኤች5 ነው፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው ያገለገለ ነው። ገደብ የለውም። ሁለት ካርድ ስለሚይዝ አንዱን ቀረጻ በሁለቱም ላይ ያስቀምጣል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም አለው። አውቶ ፎከሱ ደካማ ነው። ግን አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ስትቀርጹ ፎከሱን በእጅ አስተካክላችሁ ትተዉታላችሁ።

ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ፣ እየጠየቃችሁ ካሜራም የምትጠብቁ ከሆነ፣ ሶኒው ያሳርፋችኋል። አጠገባችሁ ካሜራ የሚይዝ ሰው ካለ ደህና አያያዝ ያለው ጂኤች5 ፈልጉ። ሁለቱ ካርድ ብቻውን ያሸንፋል።

ካምኮርደር፣ ለቪዲዮ ተብሎ የተሠራው ካሜራ፣ ጊዜው አልፎበታል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የካኖን ኤክስኤ ተከታታይ ሞዴሎች የባለሙያ ማይክ የሚሰካበት ኤክስኤልአር አላቸው፤ አንዱ ካርድ ሲሞላ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክተው ለሰዓታት ይሠራሉ። ሴንሰራቸው ትንሽ ስለሆነ በጨለማ ክፍል ይቸገራሉ፤ ምስሉም እንደ ሲኒማ አይሆንም። የእናንተ ሐሳብ ከአንድ ክፍለ ጦር የተረፉትን ሁሉ እየዞራችሁ ቃላቸውን ማስቀመጥ ከሆነ ግን ከካምኮርደር የሚሻል የለም። አንድ ሰው ላይ ያተኮረ፣ ስሜት ያለው ፊልም ከሆነ ሚረርለሱ ይበልጣል።

ማይክ፦ ገንዘባችሁን እዚህ አውጡ

ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሳል። ድምፁ ካልተሰማ ይዘጋዋል። ካሜራው ላይ አብሮ የሚመጣውን ማይክ እርሱት። ምርጫችሁ ሦስት ነው፦ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ዋየርለስ፣ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ግን ድምፁን በራሱ ሪከርደር የሚቀዳ፣ ወይም ከርቀት የሚያነጣጥር ሾትገን።

ሾትገን ሰውየውን አይነካም፤ ልብሳቸው ላይ ገመድ አታንጠለጥሉም። ውጭ ሜዳ ላይ ግሩም ነው። ጠባብ፣ ባዶ ግድግዳ ባለበት ክፍል ግን ድምፁ ከግድግዳ እየተመለሰ ያስተጋባል። ማይኩ ደግሞ ካሜራው ላይ ሳይሆን ከፍሬሙ ወጣ ብሎ ከራሳቸው በላይ መንጠልጠል አለበት። ይህ ተጨማሪ ስታንድ ይጠይቃል፤ ስታንዱ አዛውንት ራስ ላይ እንዳይወድቅም መጨነቅ ይመጣል።

ዋየርለስ ምቹ ነው። ሮድ ከሚባለው ብራንድ የመጀመሪያው ዋየርለስ ጎ ማስተላለፊያው (ኮሌታ ላይ የሚሰካው ክፍል) ላይ አይቀዳም፤ ዋየርለስ ጎ 2 ግን ሁለት ማስተላለፊያ አለው፣ ድምፁንም እዚያው ውስጡ ያስቀምጣል። ዲጄአይ ማይክ 2ም 8 ጊጋ ውስጣዊ ሜሞሪ አለው፤ በ32-ቢት ፍሎት፣ ማለትም ሹክሹክታውንም ጩኸቱንም በኋላ ማስተካከል በሚያስችል አቀዳድ፣ ይቀዳል። እነዚህ ማይኮች የሚጠቀሙበት 2.4 ጊጋኸርዝ ከዋይፋይ ጋር የሚጋሩት ስለሆነ ሲግናሉ አልፎ አልፎ ይቆራረጣል። ውስጡ የተቀዳው ኮፒ ያኔ ነው የሚያድናችሁ። በዚህ ምክንያት ቢረክስም የመጀመሪያውን ጎ ተዉት።

ሁለት ማስተላለፊያ ለምን? አንደኛው ለእናንተ ነው። ጆሯቸው የተጎዳ ዘማች ጥያቄውን ደጋግመው ያስጠይቋችኋል፤ እናንተም ድምፃችሁን ከፍ ታደርጋላችሁ። የእናንተ ድምፅ ለብቻው ከተቀዳ ኤዲቲንግ ላይ ዝቅ ማድረግ ወይም ማውጣት ቀላል ነው።

የኔ ምርጫ ግን ሦስተኛው ነው፤ እንደ ታስካም ዲአር-10ኤል ፕሮ ያለ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ሪከርደር ከኮሌታ ማይክ ጋር። ሲግናል የሚባል ነገር የለውም፤ በሪሞት ድንጋይ ይሠራል፤ ቀዩን መብራት አብርታችሁ ትረሱታላችሁ። እሱም በ32-ቢት ፍሎት ይቀዳል። ዘማቹ ስለ ሞተ ጓደኛቸው ሲያወሩ ድምፃቸው ሊጠፋ ይደርሳል። ወዲያው ደግሞ ‹‹ቧ!›› ብለው ጠረጴዛውን ይመቱታል፤ ፍንዳታውን ሲያሳዩ ነው። በተለመደው 24-ቢት መጠኑን ለሹክሹክታው ካስተካከላችሁት ጩኸቱ ይሰነጠቃል። ፍሎት ላይ ሁለቱንም በኋላ ታስተካክላላችሁ። ልብ በሉ፣ ፍሎት ያላቸው ዋየርለሶችም ቢሆኑ ፍሎቱ የሚሠራው ውስጣቸው በተቀዳው ላይ ነው እንጂ ወደ ካሜራው በሚልኩት ላይ አይደለም።

ለብቻ የተቀዳ ድምፅን ከምስሉ ጋር ለማገጣጠም ብዙ ሰው ካሜራው ፊት ያጨበጭባል። ጦርነት ያየ ሰው ፊት ሳይናገሩ አታጨብጭቡ። አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ወይም ጨርሶ ተዉት። ካሜራውም የራሱን ድምፅ ስለሚቀዳ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ሁለቱን አነጻጽሮ በራሱ ያገጣጥመዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዘማቹ ለቀረጻው ብለው ኮታቸውን ለብሰው፣ ኒሻናቸውን ደርድረው ሊመጡ ይችላሉ። ማይኩን ደረታቸው ላይ እዚያው አጠገብ ከሰካችሁት በተነፈሱ ቁጥር ሜዳሊያው እርስ በርሱ ይጋጭና ቅጭል ቅጭል ይላል። በጆሮ ማዳመጫ ካልሰማችሁት አታውቁትም። ኒሻኑን አስወልቁ አልላችሁም፤ የለበሱት በምክንያት ነው። ማይኩን ወደ ሸሚዙ ቁልፍ፣ ከኒሻኑ በተቃራኒ ወገን አዙሩት። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ ግዙ፤ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ዓይነት።

መብራትና ትራይፖድ

መስኮት አጠገብ መቀመጥ ከቻላችሁ መብራት አትግዙ። የምትገዙ ከሆነ በጨርቅ ሳጥን የሚለሰልስ አንድ ኤልኢዲ ይበቃል፤ የቀለም ታማኝነቱ፣ ሲአርአይ የሚባለው፣ 95 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ኃይለኞቹ ማራገቢያ ስላላቸው ሱቅ ውስጥ አስበርታችሁ ድምፃቸውን ስሙ። ትንንሾቹ ጠፍጣፋ መብራቶች ድምፅ የላቸውም፤ ግን በቀጥታ ሲበሩ የአዛውንት ዓይን ያስለቅሳሉ። መነጽር ካደረጉ መብራቱን ከፍ አድርጉት፣ ነጸብራቁ ይጠፋል።

ትራይፖዱ ከባድና የማይነቃነቅ ይሁን። ሌላ የሚባል የለውም።

ካርድና ሃርድ ዲስክ

ካሜራ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ሲቀርጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። 128 ጊጋ ካርድ ሦስት ሰዓት እንኳ አይደርስም። ቪ30 የሚል ምልክት ያለበት ካርድ ለዚህ በቂ ነው፤ በሴኮንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ይጽፋል። ቪ60 እና ቪ90 ውድ ናቸው፤ አያስፈልጓችሁም። ፎርጅድ ካርድ ግን ተጠንቀቁ። 256 ጊጋ ነው ብሎ ያሳያችሁና ውስጡ ከዚያ በጣም ያነሰ ይሆናል፤ መጀመሪያ የቀረጻችሁትን ይበላባችኋል። እንደገዛችሁ ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እስከ ጥግ ሞልታችሁ ፈትኑት።

ኤስኤስዲ ፈጣን ነው፣ ቢወድቅም አይበገርም፤ ኤዲት የምታደርጉት እሱ ላይ ይሁን። ለማስቀመጥ ግን ተራ ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ በተመሳሳይ ገንዘብ ብዙ ቦታ ታገኛላችሁ። ሁለት ግዙና አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጡ።

የቆዩ ፎቶዎች

ዘማቾች አልበም ያወጣሉ። ያንን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ፊልሙ ውስጥ ስታስገቡት ያስታውቃል። ስካነር ግዙ። 15 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበብ የነጥብ ብዛት) ሲነሳ 1772 ፒክስል ብቻ ይሆናል፤ ለሙሉ ኤችዲ 1920 እንኳ አይሞላም። በ600 ግን 3543 ይደርሳል፤ ለ4ኬ ጥቂት ነው የሚጎድለው። ትንሽ ጉርድ ፎቶ ከሆነ 1200 አድርጉት።

ቀጫጭኖቹ ስካነሮች፣ ለምሳሌ ኤፕሰን ቪ39፣ ሲአይኤስ በሚባል ሴንሰር ነው የሚሠሩት። ቀላልና ርካሽ ናቸው። ነገር ግን መስታወቱ ላይ ያልተለጠፈ ነገር ይደበዝዝባቸዋል። የተጣጠፈ ፎቶ፣ ፎቶ የተለጠፈበት የአልበም ገጽ፣ ሜዳሊያ አይሆንላቸውም። ሲሲዲ የሚባለው ሴንሰር ያላቸው እንደ ኤፕሰን ቪ600 ያሉት ወፍራም ናቸው፤ ከመስታወቱ ከፍ ያለውንም ያነባሉ፤ የፊልም ነጋቲቭም ይቀበላሉ። አንድ ቤተሰብ ብቻ ከሆነ ቪ39 ይበቃል፤ እዚያው ይዛችሁ ሄዳችሁ ሠርታችሁ ትመለሳላችሁ፣ የሰው ፎቶም ከቤቱ አይወጣም። ብዙ ሰው ከሆነ ሲሲዲውን ፈልጉ።

ኤዲቲንግ

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። እስከ 4ኬ በሴኮንድ 60 ፍሬም ያወጣል፤ ቀለምና ድምፅ ማስተካከያው የባለሙያ ነው። ጂኤች5 የገዛችሁ ደግሞ ከማክ ውጪ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነጻው የማይከፍታቸው ፎርማቶች ሊያጋጥሟችሁ ይችላሉ፤ ከቀረጻው በፊት አንድ አጭር ክሊፕ አስገብታችሁ ሞክሩ። የሚከፈልበት፣ ሪዞልቭ ስቱዲዮ የሚባለው፣ ዋጋው አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። ፕሪሚየር ፕሮ ጎበዝ ነው፣ ግን ኪራይ ነው። የዘማቾች ፊልም ደግሞ ቶሎ አያልቅም። አንዱ ይታመማሉ፣ አንዱ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፣ ቀጠሮ ይገፋል። ወር በገባ ቁጥር የሚከፈልበት ሶፍትዌር እንዲህ ላለ ሥራ አይመችም። ማክ ያለው ሰው ፋይናል ከት ፕሮን አንዴ ገዝቶ መገላገል ይችላል። ኮምፒውተሩ ደካማ የሆነበት ደግሞ ሾትከትን ይሞክር፤ ነጻ ነው፣ ቃለ መጠይቅ ቆርጦ ለመቀጠልም ይበቃል።